ባክቴሪያ ሰዓት ማወቁ እንዴት ታወቀ?

የሰው ልጅ ከጥንት ጀምሮ ጊዜን ሲቈጥር ኖሯል። አባቶቻችን በቀን የጥላቸውን ርዝመት በእግር እየለኩ፣ በሌሊትም የዶሮን ጩኸት እያዳመጡ ሰዓቱን ያውቁ ነበር። ዶሮ ሰዓት ያውቃል ቢባል የሚደነቅ የለም። ነገር ግን በዓይን የማይታይ፣ ዓይንም ጆሮም አንጎልም የሌለው ባክቴሪያ ሰዓት ያውቃል ቢባል ብዙ ሰው ይጠራጠራል። እንዲያውም እስከ 1980ዎቹ ዓመታት ድረስ የታወቁ ሊቃውንት ራሳቸው «ይህ ሊሆን አይችልም» ይሉ ነበር። እኛም በዚህ ጽሑፍ፣ አይሆንም የተባለው ነገር እውነት ሆኖ እንዴት እንደ ተገኘ፣ በምን ዓይነት ድካም እንደ ተገለጠ፣ ደግሞም በአቃቂ ወንዝ አጠገብ ለምንኖር ልጆች ምን እንደሚያስተምረን ባጭሩ ለመግለጽ እንሞክራለን። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የነገሩ መነሻ ባክቴሪያ ሳይሆን የዛፍ ቅጠል ነው። በአራተኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት፣ የታላቁ እስክንድር ባለሟል የነበረው አንድሮስቴኔስ ዛሬ ባሕሬን በምትባለው ደሴት ሲያልፍ፣ ቅጠሉን በሌሊት የሚያጥፍና በፀሐይ መውጫ የሚዘረጋ ዛፍ አይቶ ጻፈ። የዛሬ ሊቃውንት ያ ዛፍ እኛ ሮቃ የምንለው ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። እንዲህ ያለውን ነገር ለማየት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም፤ በየአጥሩ ሥር የሚተከለውን ሰስባንያ ወደ ማታ ለተመለከተው ሰው፣ ቅጠሎቹ ለእንቅልፍ እንደሚዘጋጅ ልጅ ሲታጠፉ ይታያል።

ብዙ ሺህ ሰው ይህን አይቶ አልፏል፤ መጠየቅ ግን ለጥቂቶች ብቻ ሆነ። በ1729 ዓ.ም. ፈረንሳዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ዠን ዣክ ደ ሜራን፣ ሲነኩት ቅጠሉን የሚከድነውን ተክል ወስዶ ብርሃን በማይገባበት ቦታ አኖረው። ተክሉም ፀሐይን ሳያይ በቀን ቅጠሉን ይዘረጋ፣ በሌሊት ያጥፍ ነበር። ደ ሜራን ግን ሐሳቡ ሁሉ በሰማይ ከዋክብት ላይ ስለ ነበረ፣ ወሬውን ለፓሪሱ የሳይንስ አካዳሚ ያቀረበለት ወዳጁ ማርሻን ነው። አንድ መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በ1832 ዓ.ም.፣ ስዊሱ ደ ካንዶል ብርሃን ሳይጠፋ እንዲህ ያለውን ተክል ቢመለከት፣ ቅጠሉ የሚመላለሰው በ24 ሰዓት ሳይሆን በ22 ወይም በ23 ሰዓት ገደማ ሆኖ አገኘው። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ተክሉ ከውጭ የሚመጣ ስውር ምልክት እየተከተለ ቢሆን ኖሮ ልክ 24 ሰዓት በሞላ ነበር። ቀድሞ መሄዱ ግን ሰዓቱ የራሱ መሆኑን ያስረዳል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ለእኛ ለተማሪዎች እጅግ የሚያስደስተው በጀርመን አገር በ1920ዎቹ የሆነው ነገር ነው። ሮዘ ሽቶፕል የምትባል የሥነ ዕፅዋት ተመራማሪ በሐምቡርግ ከተማ የባቄላን ዘር የሚመስል ተክል በጨለማ ክፍል አኑራ ስትመረምር፣ ቅጠሎቹ ሁልጊዜ በሌሊቱ መጨረሻ በአንድ በተወሰነ ሰዓት ዝቅ ይሉ ነበር። እርስዋም ይህን የሚያደርግ አንድ ያልታወቀ ኃይል ከውጭ አለ ብላ አሰበች። ኤርቪን ቢዩኒንግና ኩርት ሽተርን የሚባሉ ሁለት ወጣቶች ግን ሥራውን በፍራንክፈርት ሲደግሙት፣ የቅጠሎቹ ሰዓት ከሐምቡርጉ የተለየ ሆነባቸው። ምክንያቱን ሲፈልጉ፣ ተክሎቹን ሊጠብቅና ውሃ ሊያጠጣ በቀን አንድ ጊዜ የሚገባው ሰው ደብዛዛ ቀይ መብራት ይዞ እንደሚገባ አስተዋሉ። ቀይ ብርሃን ተክልን አይነካም ይባል ነበር። በሐምቡርግ ጠባቂው ይገባ የነበረው በማለዳ ሲሆን፣ በፍራንክፈርት ግን ከሰዓት በኋላ ነበር። እንግዲህ «ያልታወቀው ኃይል» የተባለው፣ ፋኖስ ይዞ የሚገባው ረዳት ኖሯል! ወጣቶቹም ተክሎቹን የድንች ማከማቻ ወደ ሆነ ጨለማ ምድር ቤት ወስደው ያለ ቀይ መብራት ቢመለከቱ፣ የቅጠሎቹ ዙር ከ25 ሰዓት ጥቂት የሚበልጥ ሆነ። ረዳት የገባበትን ሰዓት መመዝገብ ከዚያ ወዲህ እንደ ቀላል ነገር አልታየም።

እንዲህ ያለውን ዙር ፍራንዝ ሐልበርግ የሚባሉ ሊቅ በ1959 ዓ.ም. በላቲን ቋንቋ «ሰርካዲያን» ብለው ሰየሙት፤ «አንድ ቀን ያህል» ማለት ነው። ሊቃውንትም ሦስት መፈተኛ አበጁለት። አንደኛ፣ ብርሃኑና ሙቀቱ ሳይለዋወጥ ዙሩ በራሱ መቀጠል አለበት። ሁለተኛ፣ የብርሃንና የጨለማ መፈራረቅ ሊያስተካክለው ይገባል፤ ይኸውም የዘገየ ሰዓትን እንደ መሙላት ነው። ሦስተኛ፣ ሙቀት ሲጨምር ሊፈጥን፣ ብርድ ሲሆን ሊዘገይ አይገባውም፤ በብርድ የሚዘገይ ሰዓት ሰዓት አይባልምና። ተመራማሪዎቹ በሥራቸው ላይ ሰዓት የሚቈጥሩት ከእኩለ ሌሊት ሳይሆን ብርሃን ከሚበራበት ቅጽበት ጀምረው ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን የቀኑን ሰዓት ከንጋት ጀምሮ መቍጠር ከሕፃንነታችን የለመድን ስለ ሆንን፣ ይህ የአቈጣጠር ዘዴ አያስቸግረንም።

እስከዚህ ድረስ የተነገረው ስለ ዕፅዋት ነው። በነፍሳት፣ በእንስሳትና በሰውም ላይ ይኸው ሰዓት ተገኘ። ባክቴሪያን ግን ሊቃውንት ከማኅበሩ አስወጡት። ያቀረቡትም ምክንያት ሁለት ነበር። የመጀመሪያው፣ ባክቴሪያ የሕዋስ ማእከል ማለት ኒውክሊየስ የሌለው እጅግ ቀላል ፍጥረት ስለ ሆነ ይህን የመሰለ ረቂቅ መሣሪያ ሊይዝ አይችልም የሚል ነው። ሁለተኛው፣ አንዱ ባክቴሪያ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ለሁለት ስለሚከፈል፣ ዕድሜው ከአንድ ቀን የሚያንስ ፍጥረት የቀን ሰዓት ምን ያደርግለታል የሚል ነው። ሁለቱም ምክንያቶች ለጆሮ የሚጥሙ ናቸው። ነገር ግን በአሳብ የተገኙ እንጂ በመለካት የተገኙ አልነበሩም።

መልሱ የመጣው ከሩዝ እርሻ ነው። በታይዋን አገር ሁዋንግ ታን-ቺና ጓደኞቻቸው ከሩዝ ማሳ ውሃ ሲነኮኮከስ የሚባል ሳይኖባክቴሪያ አወጡ። ሳይኖባክቴሪያ ማለት እንደ ዕፅዋት በፀሐይ ብርሃን ምግቡን የሚያዘጋጅ፣ ቀድሞ ሰማያዊ-አረንጓዴ ዋቅላሚ ይባል የነበረ የባክቴሪያ ወገን ነው። ይህ ፍጥረት አንድ ትልቅ ችግር አለበት። ምግቡን በብርሃን ሲያዘጋጅ ኦክሲጅን ያወጣል፤ ናይትሮጅንን ከአየር ወስዶ ለሰውነቱ የሚያዘጋጅበት ኢንዛይም ደግሞ ኦክሲጅን ሲነካው ይበላሻል። አንድ ሰው በአንድ ጠባብ ቤት ውስጥ እሳት ማንደድና ባሩድ ማድረቅ ቢፈልግ ምን ያደርጋል? ሁለቱን ሥራዎች በሰዓት ይለያቸዋል። ይህ ባክቴሪያም ያደረገው እንዲሁ ነው፤ በቀን ምግቡን ያዘጋጃል፣ በሌሊት ናይትሮጅኑን ይይዛል። ግሮበላር፣ ሁዋንግና ባልደረቦቻቸው በ1986 ዓ.ም. ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ብርሃኑ ሌት ከቀን ሳይጠፋ እንኳ ይህ መፈራረቅ በ24 ሰዓት ገደማ እንደሚቀጥል አሳዩ። በ1989 ዓ.ም. ደግሞ ቢያትሪስ ስዊኒ የሚባሉ አሜሪካዊት ሊቅ ከአንድ ረዳታቸው ጋር ሆነው፣ ከባሕር የተገኘ ሌላ ሲነኮኮከስ የሚከፈለው ሰዓት ጠብቆ መሆኑን ገለጡ።

ይህን የመሰለውን ሥራ አድካሚ የሚያደርገው ሌሊቱ ነው። ባክቴሪያው አያንቀላፋም፤ ስለዚህ የሚለካውም ሰው ማንቀላፋት አይችልም። በየጥቂት ሰዓቱ ተነሥቶ ከጠርሙሱ መቅዳት፣ መለካት፣ መጻፍ ያስፈልጋል። አንድ ሌሊት ቢያመልጥ መስመሩ ይቋረጣል። በ1993 ዓ.ም. ግን የጃፓኖቹ ታካኦ ኮንዶና ማሳሂሮ ኢሺዩራ ከአሜሪካኖቹ ከሱዛን ጎልደንና ከካርል ጆንሰን ጋር ሆነው አንድ ብልሃት አገኙ። ብርሃን ከሚያወጣ የባሕር ባክቴሪያ ላይ የብርሃኑን ዘረ መል ወስደው በሲነኮኮከስ ላይ ቀጠሉት። ከዚያ በኋላ ባክቴሪያው ራሱ በየቀኑ በሰዓቱ ይደምቅና ይደበዝዝ ጀመር። የአንዱ ሕዋስ ብርሃን ከቍጥር አይገባም፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው ግን፣ ብዙ ሚሊዮን ሕዋሳት አብረው ሲያበሩ መሣሪያ ሌሊቱን ሙሉ ቍጥሩን ይመዘግባል።

የሰው ድካም ግን በዚህ አላበቃም። በ1994 ዓ.ም. እነዚሁ ተመራማሪዎች በኬሚካል ዘረ መላቸው የተነካ 150,000 የባክቴሪያ ጕባኤዎችን አንድ በአንድ መረመሩ። ከነዚህ ሁሉ መካከል የዙራቸው ርዝመት የተለወጠ 12 ብቻ ተገኙ፤ የአንዳንዱ ቀን ወደ 16 ሰዓት አጥሮ፣ የሌላው እስከ 60 ሰዓት ረዝሞ ነበር። ከነዚህ ጥቂቶች ተነሥተው በ1998 ዓ.ም. ሰዓቱን የሚሠሩትን ሦስት ዘረ መሎች አገኙና «ካይ» ሀ፣ ለ፣ ሐ እንደ ማለት ካይኤ፣ ካይቢና ካይሲ ብለው ሰየሟቸው። «ካይ» በጃፓን ቋንቋ መዞር ማለት ነው።

የቀድሞዎቹ ሁለት ምክንያቶችም በተራቸው ወደቁ። በ1997 ዓ.ም. በየ5 ወይም በየ6 ሰዓቱ እየተከፈለ የሚበዛው ባክቴሪያ እንኳ የ24 ሰዓቱን ዙር ሳያቋርጥ እንደሚጠብቅ ታየ። እናት ሕዋስ ስትከፈል ሰዓትዋን እንደ ርስት ለልጆችዋ ታወርሳለች፤ እነርሱም ካቆመችበት ይቀጥላሉ። ሰዓቱ ምን ያደርግለታል ለሚለው ጥያቄ ደግሞ በ1998 ዓ.ም. መልስ ተሰጠ። ዙራቸው አጭር የሆነና ዙራቸው ረጅም የሆነ ባክቴሪያዎች በአንድ ጠርሙስ ተቀላቅለው ተወዳደሩ። ብርሃንና ጨለማው በ22 ሰዓት ሲፈራረቅ ባለ አጭሩ ዙር አሸነፈ፤ በ30 ሰዓት ሲፈራረቅ ባለ ረጅሙ አሸነፈ። ብርሃኑ ሳይጠፋ ሲቀር ግን አንዱ ሌላውን አላሸነፈም። ስለዚህ ሰዓት ማወቅ የሚጠቅመው ሰዓቱ ከአገሩ ቀን ጋር ሲስማማ መሆኑ ተረጋገጠ።

ከሁሉ የሚያስደንቀው በ2005 ዓ.ም. የሆነው ነው። በናጎያ ከተማ የኮንዶ ረዳቶች ሦስቱን ፕሮቲኖች ከሕዋሱ አውጥተው፣ ለሕያዋን ሁሉ ኃይል ከሚሰጠው ኤቲፒ ከሚባለው ነገር ጋር በአንድ የመስታወት ቱቦ ውስጥ ቀላቀሏቸው። በቱቦው ውስጥ ሕይወት የለም፤ ሕዋስም ዘረ መልም የለም። ነገር ግን ካይኤ እየገፋፋው ካይሲ ፎስፌት የሚባለውን ቅንጣት በላዩ ይጭናል፤ ከሞላ በኋላ ካይቢ መጥቶ ካይኤን ያግዳል፤ ያን ጊዜ ካይሲ ሸክሙን ያራግፋል፤ ከዚያም እንደ ገና ይጭናል። ይህ መጫንና ማራገፍ በቱቦው ውስጥ በ24 ሰዓት ገደማ ይዞር ነበር፤ ሙቀቱ ሲለወጥም ዙሩ አልተናወጠም። አይችልም የተባለው ትንሽ ፍጥረት፣ አሠራሩ በቱቦ ውስጥ እስኪታይ ድረስ የተገለጠ ሰዓት ኖሮታል።

ምርምሩ ከሳይኖባክቴሪያም አልፏል። በ2016 ዓ.ም. በሰው አንጀት ውስጥ በሚገኝ ባክቴሪያ ላይ፣ በ2021 ዓ.ም. ደግሞ በአፈር ውስጥ በሚኖረው ባሲለስ ሰብቲሊስ ላይ የቀን ዙር መኖሩ ተጽፏል። በ2017 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ለሦስት አሜሪካውያን ማለት ለሆል፣ ለሮስባሽና ለያንግ የተሰጠው የዝንብን ሰዓት አሠራር ስለ ገለጡ ነው። ነገሩ ለእኛ አካባቢ ሰው እንግዳ ሊሆን አይገባም፤ በአቃቂ ቃሊቲ ፋብሪካዎች በሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ወላጅ ያለው ተማሪ፣ ሰውነት በቀን ተኛ ሲሉት እንዴት እንደሚያስቸግር ከቤቱ ያውቀዋል።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ጀርመን፣ ስለ ታይዋንና ስለ ጃፓን ስለ ሆነ፣ አንዳንድ አንባቢ «ታዲያ በአገራችን ምን አለ?» ሳይል አይቀርም። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንዳይሆንብን፣ ከአቃቂ ተነሥቶ በደብረ ዘይት መንገድ ወደሚደረሰው ወደ ቢሾፍቱ እንመልከት። በዚያ አካባቢ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ ከተቦረቦሩት ጕድጓዶች የተሠሩ ሐይቆች አሉ። ከነርሱ አንዱ አረንጓዴ ሐይቅ ይባላል፤ ስሙን የሰጠውም ስፒሩሊና የሚባለው ሳይኖባክቴሪያ ነው። ውሃው ሶዳ የበዛበት ስለ ሆነ ብዙ ሌላ ፍጥረት አይስማማውም፤ ስፒሩሊና ግን ሐይቁን እንደ ጎመን ሾርባ እስኪያወፍረው ድረስ ይበዛበታል።

በ1960ዎቹ ዓመታት፣ በዚያን ጊዜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ይባል በነበረው በዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ባክስተር፣ ፕሮሰርና ውድ፣ ከእንግሊዛዊው የሐይቅ ሊቅ ከታሊንግ ጋር ሆነው እነዚህን ሐይቆች መረመሩ። በ1965 ዓ.ም. ስለ ውሃው ሙቀትና ንብርብር፣ በ1973 ዓ.ም. ደግሞ አረንጓዴ ሐይቅና ኪሎሌ በፀሐይ ብርሃን ስለሚያዘጋጁት ምግብ ብዛት ጽሑፍ አሳተሙ። የኋለኛው ጽሑፍ ርእሱ ራሱ፣ በውሃ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ዕፅዋት ሊሠሩ የሚችሉትን የመጨረሻ ወሰን ይጠይቃል፤ ለማስረጃም የቀረቡት የኢትዮጵያ ሐይቆች ናቸው። በዓለም የውሃ ሳይንስ ዘንድ የቢሾፍቱ ስም እስከ ዛሬ የሚነሣው በዚህ ነው።

እንዲህ ያለው ሥራ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይገባናል። ረዳቱ በጀልባ ወደ ሐይቁ መካከል ይሄዳል። ጥንድ ጥንድ ጠርሙሶችን በሐይቁ ውሃ ይሞላል፤ አንዱ ብርሃን የሚያስገባ፣ ሁለተኛው በጥቍር የተሸፈነ ነው። በገመድ አስሮ በልዩ ልዩ ጥልቀት ያሰጥማቸዋል። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ያወጣቸዋል። በብርሃኑ ጠርሙስ ኦክሲጅን ጨምሮ፣ በጨለማው ቀንሶ ይገኛል። ኦክሲጅኑን ለመለካት የማንጋኒዝና የአዮዳይድ ውሁድ ይጨምርበታል፤ ኦክሲጅን ካለ ቡናማ ዝቃጭ ይወርዳል። በአሲድ ያሟሟዋል፤ ውሃው ቢጫ ይሆናል። ከዚያ ታዮሰልፌት የሚባለውን ጠብታ በጠብታ እየጨመረ፣ በስታርች ሰማያዊ የሆነው ቀለም የሚጠፋባትን ቅጽበት ይጠብቃል። አንዲት ጠብታ ብትበዛ ቍጥሩ ይበላሻል። ይህንኑ የሐይቁን ውሃ ማታም፣ እኩለ ሌሊትም፣ ሊነጋ ሲልም እየቀዳ ይደግመዋል። እንዲህ ሲለካ ሐይቁ እንደ አንድ ትልቅ ደረት ሲተነፍስ ይታያል፤ በቀን ኦክሲጅኑ ይሞላል፣ በሌሊት ይጐድላል። በመጽሐፉ ርእስ ላይ የሚጻፈው የሊቃውንቱ ስም ነው፤ ቀዛፊውና ጠርሙስ አሳቢው ብዙ ጊዜ በስም አይጠሩም። ሆኖም ያለ እነርሱ አንዱም ቍጥር ባልተገኘ ነበር።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ የሚገባን ነገር አለ። ሐይቁ በቀን ሞልቶ በሌሊት መጕደሉ ብቻውን በውስጡ ያለው ባክቴሪያ ሰዓት አለው አያሰኝም፤ ፀሐይ ስትወጣና ስትጠልቅ የግድ የሚሆን ነውና። ሰዓት አለው ለማለት ባክቴሪያውን ከሐይቁ አውጥቶ፣ ብርሃኑንና ሙቀቱን ሳይለውጡ፣ ቀደም ብለን በጠቀስናቸው ሦስት መፈተኛዎች መፈተን ያስፈልጋል። ይህ በሐይቅና በቤተ ሙከራ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ሁለቱም ሥራዎች ግን አንዱ ለሌላው ያስፈልጋሉ።

የኛ አገር ሰዎችም ሥራውን ወርሰዋል። ኤልሳቤጥ ከበደ ከስዊድናዊቷ ጉኔል አልግሬን ጋር በ1996 ዓ.ም. በሻላ አጠገብ ከሚገኘው ከጪቱ ሐይቅ የተገኘው ስፒሩሊና በምን ሁኔታ እንደሚያድግና ብርሃንን እንዴት እንደሚጠቀም ጽፈዋል። አምኃ በላይም ስፒሩሊና በካሊፎርኒያ ለምግብነት በሚለማበት ድርጅት ውስጥ በምርምር ኃላፊነት ሠርተዋል። ኪሎሌ ግን እንደ ቀድሞው አልቀረም። በ1989 ዓ.ም. የሞጆ ወንዝ ለመስኖ ተጠልፎ ወደ ሐይቁ ስለ ገባ ሶዳው ቀጠነ፤ ስፒሩሊናውም ጠፋ። ብሩክ ለማ የሚባሉ ኢትዮጵያዊ ሊቅ ይህን ለውጥ በ1994 ዓ.ም. ሲጽፉ፣ የቀድሞው ኪሎሌ ምን ይመስል እንደ ነበረ ምስክር ሆነው የቆዩት በ1960ዎቹ የተጻፉት ቍጥሮች ነበሩ። አንድ ሰው በአንድ ሌሊት በብርድ እየተንቀጠቀጠ የጻፈው ቍጥር ሐይቁ ራሱ ከተለወጠ በኋላ እንደሚኖር ከዚህ እንማራለን።

በመጨረሻም ወደ ደጃፋችን እንመለስ። በሰፈራችን የሚያልፈው የአቃቂ ውሃ ወደ አባ ሳሙኤል ገብቶ፣ ከዚያ ወደ አዋሽ ይወርዳል፤ አዋሽም በ1960 ዓ.ም. በተፈጸመው የቆቃ ግድብ ይታቆራል። በቆቃ ውስጥ ማይክሮሲስቲስ የሚባል፣ ጕበትን የሚጐዳ መርዝ ሊያወጣ የሚችል ሳይኖባክቴሪያ እንዳለ ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። ይህ ፍጥረት በሰውነቱ ውስጥ አየር የሞላባቸው ጥቃቅን ከረጢቶች ስላሉት ይንሳፈፋል። ቀን በብርሃን ስኳር ሲያከማች ይከብድና ወደ ታች ይሰጥማል፤ በሌሊት ስኳሩን ሲጨርስ ይቀልልና ወደ ላይ ይወጣል። ይህስ ከሰዓት ይልቅ የክብደት ነገር ነው፤ ለመርማሪው ግን ትምህርቱ አንድ ነው። ነፋስ በሌለበት ቀን ከላይ የተቀዳ ውሃ በማለዳና ከሰዓት በኋላ አንድ አይሆንም። ስለዚህ ጠርሙሱ ላይ ቀኑን ብቻ ጽፎ ሰዓቱን የተወ ሰው፣ ውሃው ንጹሕ ነው ቢልም ክፉ ነው ቢልም እርግጠኛ ሊሆን አይችልም። ከዚህ ውሃ ከብት ይጠጣል፣ አትክልት ይለማል፣ ዓሣ ይወጣል።

የተወደዳችሁ አንባብያን! ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ዓመት፣ እኛ የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች ወደ ልዩ ልዩ ሥራ ልንበተን ነው። ከመካከላችን የሳይንስ ሊቅ የሚሆነው ምናልባት ጥቂት ነው፤ ረዳት ሆኖ መጀመር ግን ለሁላችንም የቀረበ ነገር ነው። ከላይ የተነገረው ታሪክ እንደሚያስረዳን «አይሆንም» የሚለው ቃል ለብዙ ዓመታት የቆመው ጠንካራ ስለ ነበረ ሳይሆን፣ በሌሊት ተነሥቶ የሚለካ ሰው ስላልነበረ ነው። መምህሮቻችን በሙከራ ደብተራችን ላይ «ሰዓቱን ጻፉ» እያሉ በቀይ ቀለም ያሳስቡን የነበረው ለዚህ መሆኑን አሁን ተረድተናልና እናመሰግናቸዋለን። ወላጆቻችንም ልጃችሁ ወደ ሐይቅ ወይም ወደ ወንዝ ጠርሙስ ይዞ በማለዳ ሲወጣ ብታዩት፣ ሥራ ፈትቶ እንዳይመስላችሁ አደራ እንላለን። ከኋላችን የምትመጡ ታናናሾቻችን ሆይ፣ የአቃቂ ውሃ ሌት ከቀን ይፈስሳል፤ የሚለካውን ሰው ይጠብቃል።